ለማውረድ ዝግጁ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ደረቅ ሙቀት። ከጠዋት ጀምሮ አቧራ። መስኮቱን ዘግቼ እየሠራሁ ነው፤ ላፕቶፑ ግን ይግላል።

የ3ዲ ሥዕል የምሠራበትን የዳዝ ስቱዲዮ ማውረጃ ማናጀር ከፈትኩ። «ለማውረድ ዝግጁ» የሚለው ዝርዝር እስኪሞላ ቡና ጣድኩ። ከዚያ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች። የብረት ራስ ቁር። በረዶ የለበሰ የእንጨት ቤት። የጠፈር መርከብ ኮሪደር። የቫይኪንግ ጫማ። ሁሉም የኔ ነው። አብዛኛው በነፃ የተሰጠ፤ የቀረው በቅናሽ ወቅት እህቴ ከሜሪላንድ በካርዷ የከፈለችልኝ። አንድ ካፖርት ወድጄ የገዛነው ጥቅል ሰይፍ፣ ኮርቻና የፋኖስ መስቀያ ይዞ ገብቷል። የፋኖሱን መስቀያ እስካሁን ከፍቼ አላየሁትም።

ሥዕሉን ለምሠራለት የልጆች መጽሐፍ የምፈልገው፦ አንዲት አያት፣ አንዲት ልጅ፣ ጎጆ ቤት፣ አህያ፣ ጀበና፣ ገደል። ቦታው ላስታ።

ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኗል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሌሊቱን ወረፋ አስይዤ ተኛሁ። የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል። ጠዋት ስነሳ ፓኬጁ አልቋል፤ የፈለግኩት የልጅ ቀሚስ ግን ገና ወረፋ ላይ ነው።

ከፊቱ ምን ወርዶ ነው? ለአንድ ልብስ ሁለት ዚፕ። አንዱ ለዳዝ ስቱዲዮ፣ ሌላው ፖዘር ለሚጠቀሙ ሰዎች። ፖዘር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ለሚሠራበት ሰው ግን እንጀራው ነው። መኖሩ አይከፋኝም። ወደኔ ቤት እንዳይመጣ ማድረግ የኔ ሥራ ነው።

እማዬ፦ «ሌሊቱን ሙሉ የምታወርጂው ምንድን ነው?»

«ልብስ።»

«ለማን ልብስ?»

ለመጽሐፉ ልጅ፣ አልኳት። ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መመለስ ከበደኝ። አንገቱ ክብ፣ እጅጌው አጭር፣ ወገቡ ላይ የሚታሰር። «ይሄ የከተማ ልጅ ነው» አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የማናጀሩን ማስተካከያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ማጣሪያዎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። ዊንዶውስ፣ ማክ። 32 ቢት፣ 64 ቢት። ፖዘር፣ ብራይስ፣ ካራራ፣ ሄክሳጎን። ምልክቱን ሳነሳ የዚያ ወገን ፋይል ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ማክ፤ አነሳሁ። 32 ቢት፤ አነሳሁ። ፖዘር፤ አነሳሁ። ብራይስ ላይ እጄ ቆየ። መልክዓ ምድር መሥሪያ ነው፣ እኔም ገደል እፈልጋለሁ። ግን መጽሐፉ ከፋሲካ በፊት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። አዲስ ፕሮግራም የምማርበት ጊዜ የለም። አነሳሁት።

ዝርዝሩ አጠረ። የሚታይ ለውጥ ነው፣ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን መልሼ ሳየው የራስ ቁሩ አለ፣ ቫይኪንጉም አለ። ማጣሪያው የሚለየው በፕሮግራም ነው። ታሪኬ የት እንደሚሆን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም።

ሙቀት። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ዋለ።

እሁድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ አልነካም ብዬ ነበር። ነካሁ።

ዝርዝሩን በሰው አካሎቹ ትውልድ ለየሁት። ቪክቶሪያ 4፣ እ.ኤ.አ. የ2006 ሰው። ጄነሲስ፣ 2011። ጄነሲስ 2፣ 2013። ጄነሲስ 3፣ 2015። ጄነሲስ 8፣ 2017። ጄነሲስ 9፣ 2022። እያንዳንዱ አካል የራሱ ልብስ፣ የራሱ ፀጉር፣ የራሱ አቋቋም አለው። ለአንዱ የተሰፋ ልብስ ለሌላው በቀጥታ አይሆንም፤ አስተካክሎ ማልበሻ አለ፣ ግን ትከሻና ብብት ላይ ይጨማደዳል።

አያትየዋን የሠራሁት በጄነሲስ 8 ነው። ፊቷን ብዙ ለፍቼበታለሁ። ከዓይኗ ሥር ያለው መስመር፣ የግንባሯ ሸርተት ማለት። እሷን ወደ 9 ማዛወር እንደ አዲስ መጀመር ነው። ስለዚህ የ9 ልብስ ሁሉ ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም፣ ምንም ቢያምር። የቪክቶሪያም እንደዚያው።

ይህን ስጽፍ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዝርዝሩ ፊት ስቀመጥ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ሥዕል አለው። የ9 የሐር ካባ አየሁና የአያትየዋ ጋቢ ሊሆን ይችል ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። ካባ ነው። ጋቢ አይሆንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አሳታሚው ደወሉ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይተዋል። የልጅቷን ፊት ወደውታል። ከዚያ ቆም ብለው፦ «አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ቤት የኛ አገር ቤት አልመሰለኝም። እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?»

ልክ ናቸው። ለጊዜው ብዬ ያስቀመጥኩት ከዝርዝሩ ያወረድኩት ቤት ነው። የድንጋይ ግድግዳ አለው፣ የላስታም ቤት ድንጋይ ነው፣ ይቀራረባል ብዬ። ጣሪያው ግን ለበረዶ የተሠራ ቀጥ ያለ ጣሪያ ነው፤ የጭስ ማውጫም አለው። አምስተኛው ገጽ ላይ የልጅቷ አቋቋም ራሱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው፤ ከአቋቋም ጥቅል የመጣ። አያቷ ፊት እንዲህ የምትቆም የገጠር ልጅ አላውቅም።

ሌሊት እንቅልፍ ራቀኝ። በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ነው ሥዕሉን የሚሠራው? ሠሪው እኔ ነኝ እንጂ። ግን ድካም ሲመጣ እጅ ወደ ቅርቡ ይሄዳል። ቅርብ ያለው ደግሞ የወረደው ነው። ስለዚህ ምን እንደማወርድ መምረጥ የቦታና የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እስካሁን እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ምናልባት የምርጫ ሳይሆን የትጋት ጉዳይ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን። በስድስት ኪሎ በኩል ማለፍ አልተቻለም፤ በአራት ኪሎ ዞርኩ። የሰማዕታቱ ሐውልት ዙሪያ የአበባ ጉንጉን።

ሥራ የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የወንድሜ ልጅ መጣ። ኮምፒውተር ያውቃል፣ እጁ ግን ይቸኩላል። ድራይቩ ቀይ መሆኑን ሲያይ፦ «አክስቴ፣ ፎልደሩን ገብቼ ላጥፋልሽ? በአምስት ደቂቃ ያልቃል።»

አቆምኩት። ጠቃሚ ስለሆነ ለራሴም እጽፈዋለሁ፤ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። አንድ ልብስ ሲጫን በአንድ ፎልደር አይቀመጥም። ቅርጹ አንድ ቦታ፣ የጨርቁ ሥዕል ሌላ ቦታ፣ ሲጫን የሚታየው ትንሽ ምልክት ሌላ ቦታ። ማናጀሩ እያንዳንዱ ፋይል የት እንደገባ መዝግቦ ይይዛል። በሱ በኩል ሳስወግድ መዝገቡን እያየ አንድ በአንድ ያነሳል። በእጅ ከጠፋ ግን መዝገቡ እንዳለ ይቀራል፤ ማናጀሩ ልብሱ አሁንም ተጭኗል ብሎ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ጫማው ብቻ የተረፈ ቫይኪንግ ይኖረኛል።

ቁጭ ብለን አብረን በደንቡ አስወገድን። እሱ ስም ያነባል፣ እኔ እሺ ወይም ቆይ እላለሁ። ዘንዶው ላይ ሲደርስ፦ «ይሄን አታጥፊው በቃ።» ለምን? «ቆንጆ ነዋ።»

በእርግጥም ቆንጆ ነው። ክንፉ ላይ ያሉት ሥሮች በብርሃን ያሳያሉ። የሠራው ሰው ስንት ወር ፈጅቶበት ይሆን? ዘንዶውን ተውነው። ለመጽሐፉ አይሆንም። ለልጁ ይሆናል።

ሌላው ነገር። ስናስወግድ የወረደው ዚፕ ከተቀመጠ ስሙ ወደ «ለመጫን ዝግጁ» ይመለሳል። ዚፑም ከተሰረዘ ወደ «ለማውረድ ዝግጁ» ይመለሳል። ዚፖቹን ተጭነው ካበቁ በኋላ እንዲሰረዙ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ አላደረግኩትም ነበር። አንድ ጊዜ የገባ ልብስ በሁለት መልክ ቦታ ይይዝ የነበረው ለዚህ ነው፤ አንዴ ተጭኖ፣ አንዴ ታሽጎ። ምልክቱን አደረግኩበት። ትልልቆቹን ዚፖች ግን አስቀርቻለሁ፤ እንደገና ለማውረድ ከገንዘቡ ይልቅ ሌሊቱ ያሳዝነኛል።

እሁድ፣ የካቲት 16

ቅበላ። ወንድሜ ቤት። ክትፎ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ከዚያ ደግሞ ዶሮ። መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ መጣ። ኮምፒውተር አልከፈትኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾሙ ገባ። ጭር ያለ ሰኞ። ሽሮ ሽታ ከየበሩ።

ዛሬ መደበቅ ጀመርኩ። ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ደብቅ። ይጠፋል። «የተደበቁትን አሳይ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ሲደረግባት ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ማለትም የኔ የሆነ ነገር የኔ መሆኑ አይቀርም። መጣል የለም። አለማየት ብቻ።

መጀመሪያ ይህ አልተመቸኝም። ጨርሶ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር የምፈልገው። ሲመሽ ግን ወደድኩት። መሰረዝ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ላይ እከራከር ነበር። በረዶ የለበሰው ቤት፤ እህቴ አንድ ቀን ስለ ሜሪላንድ ክረምት መጽሐፍ እንሥራ ብላኛለች፣ ለልጆቿ። ያኔ ይፈለጋል። አሁን ይደበቅ። ይህን ለማለት ልብ አይጠይቅም።

ራስ ቁር፤ ተደበቀ። ኮሪደር፤ ተደበቀ። የመዋኛ ልብስ ጥቅል፤ ተደበቀ። የሆስፒታል አልጋ፤ አመነታሁ። አልጋው ሳይሆን አንሶላው ደህና እጥፋት አለው። አያትየዋ ታምማ የምትተኛበት ገጽ አለ። ግን የምትተኛው መደብ ላይ ነው፣ ቁርበት ላይ። ተደበቀ።

ከሠራሁት ይልቅ የሸሸግኩት በበዛበት ቀን ደክሞኝ ተኛሁ። ሥራ ነው ወይስ ሥራ መሸሽ? ነገ ይታያል።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

«ቴምፕሌት» የሚል ስም ያለባቸውን ፋይሎች ሁሉ በፍለጋው ሳጥን አሰባሰብኩ። ብዙ ናቸው። በአንዴ ልደብቃቸው ነበር፤ መቼም ተጠቅሜባቸው አላውቅም። ከመደበቄ በፊት የአንዱን፣ የልጅቷን ቀሚስ፣ አወረድኩና ከፈትኩ።

የቀሚሱ ብልት ነው። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ እጅጌዎች፣ የአንገቱ ቅምቅማት፣ ሁሉም ተፈትቶ በአንድ አራት ማዕዘን ሥዕል ላይ ተዘርግቷል፤ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ እንደቆረጠው። እዚህ ላይ የተሳለ ነገር ልጅቷ ስትለብሰው በቦታው ይውላል።

ይህ ማለት ቀሚሱን ጥለት ላደርግበት እችላለሁ ማለት ነው!

ከዝርዝሩ ሁሉ ጥለት ያለው ልብስ አንድም የለኝም። ስፈልግ ነበር የከረምኩት። ለካ የሚፈለገው የተሰፋ ሀበሻ ቀሚስ አይደለም፤ ተራ ነጭ ቀሚስና የሱ ብልት ነው። ቴምፕሌቶቹን አንዱንም አልደበቅኩም። እንዲያውም ለያዝኳቸው ልብሶች ሁሉ የወጣላቸውን ወረፋ አስያዝኩ።

በእናቴ ቀሚስ ልጀምር። ሳጥን ውስጥ ያለው፣ አረንጓዴና ወርቅማው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ዛሬ ገባ። ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታችን ለሱሑር ሲነሱ የሳህን ድምፅ ሰማሁ፤ እኔም ያኔ ወረፋውን ለማየት ነቅቼ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ሕንፃው በሙሉ ቀን ቀን ዝም ይላል።

ቀሚሱን በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁ። ፀሐይ ላይ ክሩ ያበራና ቀለሙን ይበላዋል። እማዬ ከጎኔ ቆማ ጠርዙን ያዘችልኝ። ሽሮ ሜዳ ያሠራችው ነው፤ ሸማኔው የዶርዜ ሰው እንደነበሩና ጥለቱን ለመጨረስ ሁለት ጾም እንዳስጠበቋት ነገረችኝ።

ብልቱ ላይ ለጠፍኩት። ልጅቷን አለበስኩ። ሬንደር።

እማዬ መነጽሯን አደረገች። «የኋላው ተገልብጧል።»

አየሁት። አዎ። የመስቀሉ ራስ ወደ መሬት። የጀርባው ቁራጭ ሥዕሉ ላይ የተዘረጋው ዘቅዝቆ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ለጥፌ ነበር። አዞርኩት።

«ጎኑ ላይስ?» ጎኑ ላይ የፊቱና የኋላው ሲገናኙ የጥለቱ አልማዝ ከመሐሉ ተቆርጧል። ግማሽ አልማዝ ከሩብ አልማዝ ጋር። «ሸማኔ እንዲህ አይለቀውም። ሰፊም እንዲህ አይገጥመውም» አለች።

ይህ ቀኑን በላ። ቀሚሱ ወደ ታች ስለሚሰፋ የታችኛው ጠርዝ ብልቱ ላይ ቅስት ነው፤ ጥለት ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ጥለቱን ካላጠፍኩት ከጠርዙ ይወጣል፤ ካጠፍኩት አልማዞቹ በአንድ በኩል ይወፍራሉ። ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ፣ እያንዳንዱን አልማዝ ለብቻው በቅስቱ ላይ እያስቀመጥኩ። ስፌቱ ላይ ሙሉ አልማዝ እንዲያበቃ መቁጠር። ሸማኔውም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው።

ሥዕሉ 4096 በ4096 ነጥብ ነው። ዲስክ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ይህን የሚያህል አንድ ሥዕል ሲፈታ ግን ወደ 50 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል። የግራፊክስ ካርዴ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ቀሚሱ፣ ቆዳው፣ ፀጉሩ፣ ቤቱ ሲደማመሩ ካርዱ አልችልም ብሎ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ይለቃል፤ አንድ ገጽ ሌሊቱን ይፈጃል። የቆዳውን ሥዕሎች ወደ 2048 አወረድኩ፤ የያዙት ቦታ ወደ ሩብ ወረደ። ጥለቱን ግን ሙሉውን ተውኩት። የሚታየው እሱ ነው።

እማዬ የመጨረሻውን አይታ፦ «አሁን ሆነ። ነጠላውስ?»

እሁድ፣ የካቲት 23

ዓድዋ። ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ከወንድሜ ልጅ ጋር። ጋሻ የያዘ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ። ፎቶ አነሳሁ፤ የሕፃኑን ሳይሆን የጋሻውን ጌጥ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከጫንኳቸው መካከል ለአንዱ አፕዴት መጣ። የአያትየዋ አካል መሠረታዊ ፋይሎች ናቸው። ዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጧል።

ላውርደው? አፕዴት የሚወጣው ስህተት ሲታረም ነው፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ግን የተሠሩ ገጾች አሉ። አዲሱ ፋይል የክርኗን አተጣጠፍ ትንሽ ቢለውጥ ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለችው አያት ከሦስተኛው ገጽ አያት ጋር አንድ ሴት አትሆንም። ልጆች ደግሞ ይህን ያያሉ። አዋቂ ያልፈዋል፣ ልጅ ግን ጣቱን ያስቀምጥበታል።

በሌላ በኩል፣ የድሮውን ዚፕ ይዣለሁ። ቢበላሽ መመለስ ይቻላል።

አላወረድኩትም። አልደበቅኩትምም። መደበቅ የረሳሁት ነገር ይሆንብኛል። አናት ላይ እያየሁት ይቆይ፤ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሲገባ ይወርዳል።

የማልፈልገውን መለየት ቀላሉ ነበር። ይሄኛውን እፈልገዋለሁ፣ ዛሬ ግን አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ምልክት የለውም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

የጓደኛዬ ቢሮ። ፋይበር አለ። ከምሳ ሰዓት እስከ ማታ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ፤ የሠራተኞቹን ሻይ እኔ ከፈልኩ።

በሌሊት ፓኬጅ ሳምንታት የሚፈጀው በአንድ ከሰዓት ወረደ። ዚፖቹ የሚወርዱበትን ቦታ ከሲ ድራይቭ አንስቼ ወደ ውጪው ሃርድ ዲስክ አዛውሬያለሁ፤ ማስተካከያው ውስጥ መንገዱን መቀየር ብቻ ነው። ቤት ስገባ ያለ ኢንተርኔት ከፍቼው «ለመጫን ዝግጁ» ስር ተሰልፈው አገኘኋቸው።

ፍጥነቱ ግን ፈተና ነው። ሁሉም ነገር በደቂቃ ሲወርድ ለምን ሁሉንም አላወርድም? የተደበቁትን የምታሳየውን ሳጥን ነካሁ። ቤተ መንግሥት አየሁ። ከዚያ የወረፋ ዝርዝሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ በወረቀት ነው የጻፍኩት። ቴምፕሌቶቹ፣ የሕፃን እጅ አቋቋሞች፣ አንድ የድንጋይ ጥቅል ለገደሉ፣ ሸካራ ጨርቅ ለጋቢው። ሳጥኗን መልሼ ዘጋሁ።

ድንጋዮቹ የየት አገር ድንጋይ እንደሆኑ ነገ አያለሁ። የላስታው ቀይ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የሰማይ ጥቅል ወረፋ ላይ ነበር። ትልቅ ፋይል፤ ደመናማ ሰማዮች፣ ከሰማዩ የሚመጣ ብርሃን። በሙከራ ያየኋቸው ሁሉ ፀሐያቸው ዝቅ ያለች ናት፤ ጥላ ረጅም፣ ቢጫ ብርሃን። ያምራል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ገጾቼ ግን ቀትር ናቸው።

ስቱዲዮው ውስጥ ያለ ምንም ፋይል ፀሐይ የሚያወጣ መንገድ አለ። ቀን፣ ሰዓት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይሰጠዋል፤ ፀሐይዋን በቦታዋ ያስቀምጣል። የላሊበላን ሰጠሁት፦ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ምሥራቅ። ቀኑን ሚያዝያ አጋማሽ አደረግኩ። በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለቴ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ። ነሐሴ ደመና ነው። ሚያዝያ ግን ጥርት ያለ።

ጥላው እግሯ ሥር ገባ። የነጠላዋ ጫፍ አገጯ ላይ ጥላ ጣለ። አያትየዋ ዓይኗን ማጥበብ አለባት፤ አጠበብኩላት።

የሰማዩን ጥቅል ከወረፋ አስወጣሁ፣ ደበቅኩ። ባይት ያልወረደበት ፀሐይ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ። ማታ ላይ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ። አቧራው ሸተተ። እማዬ ልብስ ለማንሳት ስትሮጥ እኔም ወጣሁ።

ቤቱን ራሴ እየሠራሁት ነው፣ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም። ክብ ግድግዳ፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ያን ያህል ከባድ ቅርጽ አይደለም። ከባዱ ሣሩ ነው። የክዳን ሣር በረድፍ አይተኛም፣ ዝም ብሎም አይበተንም። አሮጌው ጥቁር፣ አዲሱ ገለባማ፤ አናቱ ላይ ጉልላቱ። የላስታው ቤት ደግሞ አንዳንዱ ባለ ፎቅ የድንጋይ ክብ ነው፣ ደረጃው ከውጭ። ላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ ያየኋቸው እንደዚያ ነበሩ። እነሱን ልሥራ ወይስ ልጆች ወዲያው የሚያውቁትን ጎጆ? የአዲስ አበባ ልጅ የድንጋዩን ላያውቅ ይችላል። የላስታ ልጅ ግን ቤቱን አይቶ ይደሰታል።

የድንጋዩን።

ዳዝ ውስጥ ሳስገባው መጠኑ ተሳስቶ ልጅቷ ከበሩ በላይ ሆና ቆመች። ልኬቱን አስተካከልኩ። በሩ አሁንም ዝቅ ያለ ነው፤ አያትየዋ ጎንበስ ማለት አለባት። ተውኩት፤ በሩ እንደዚያ ነው።

የወረዱት ድንጋዮች ግራጫ ነበሩ። ቀለማቸውን ቀየርኩ። ቅርጻቸው ግን ጥሩ ነው፤ ለገደሉ ይሆናሉ። እዚያ ጥቅል ውስጥ የጥድ ዛፍና እንጉዳይ አለ። አልተጫኑም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

መጋቢት መስቀል። ጠዋት ደወል። ቀኑ ደመናማ፣ ብርድ ቢጤ።

አሳታሚው አራተኛውን ገጽ እንደገና አዩ። «አሁን ቤቱን አወቅኩት» አሉ። የትውልድ አገራቸው በዚያ በኩል እንደሆነ ያኔ ነው የነገሩኝ። ደረጃው ላይ ዶሮ እንድጨምር ጠየቁ። ዶሮ የለኝም፤ ከነፃዎቹ መካከል ልፈልግ እችላለሁ። ለአንድ ዶሮ ስል የተደበቁትን ሁሉ ከፍቼ እንዳልቀመጥ፤ በፍለጋው ሳጥን ብቻ።

የቀረው አህያው ነው። የሚሸጥ አግኝቻለሁ፣ በዶላር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ሲወሰን ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በእህቴ ካርድ የሚከፈል ነገር ሁሉ ድሮ ከማስበው ሁለት እጥፍ ይከብደኛል፣ እሷ ምንም ባትልም። ጥቅሉ ጋሪ፣ የገለባ ክምርና የገበሬ ባርኔጣ አብሮ አለው። እነሱ ከወረፋው ይቀራሉ፤ ብቻቸውን የሚወርዱ ዚፖች ስለሆኑ ይቻላል። ፈረስ አለኝ፣ ማሳጠርና ጆሮውን ማስረዘም ይቻል ይሆናል። ወይም በእጄ ልሣለውና ሬንደሩ ላይ ላስቀምጠው። ሦስቱንም አስቤ አንዱንም አልመረጥኩም። እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ።

እማዬ ሥዕሉን አይታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ታሪኩ ላይ አህያዋ ገደሉ ጫፍ ደርሳ አልራመድም ትላለች። እንዲያ ስትል ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ አለች፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰምታ እያዳመጠች ነው፣ አልሄድም ያለች አትመስልም። እንግዲያው ከመክፈሌ በፊት የማየው ይህን ነው፦ ጆሮዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ ይገዛል፤ ከጭንቅላቱ ጋር አንድ ላይ የተሠሩ ከሆኑ እርሳስ አነሳለሁ።